«ኮሌጁ ይደርሳል» ለተባላችሁ የሲያትል አዲስ ገቦች

ሲያትል ለገባ ሰው የሚሰጠው ምክር ያው ነው። «መጀመሪያ ሥራ ያዝ፣ ኤርፖርት ላይ ሥራ አይጠፋም። እንግሊዝኛህን ማታ ማታ ተማር። ኮሌጁ ይደርሳል።» ምክሩ ከቅን ልብ ነው፤ የቤት ኪራዩም አይጠብቅም። ግን ኮሌጁ ለብዙ ሰው አይደርስም።

ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት የዋሽንግተን ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን ጎልማሳ ተማሪዎች አምስት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ከኢኤስኤል፣ ማለትም ከእንግሊዝኛ ክፍል ከጀመሩት ውስጥ የኮሌጅ ክሬዲት፣ ማለትም ወደ ዲግሪ የሚቆጠር ነጥብ ያገኙት ከመቶ 13ቱ ብቻ ናቸው። ፈረቃው፣ ልጁ፣ ቢሉ መሀል ላይ ያስቀራል። በሌላ በኩል ከነዚሁ ውስጥ የአንድ ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ጨርሰው ሰርተፊኬት የያዙት፣ ከ10 ክሬዲት በታች ይዘው ከቀሩት በዓመት በአማካይ 7 ሺህ ዶላር ያህል የበለጠ ያገኙ ነበር። እዚህ አንድ ዓመት ማለት 45 ክሬዲት ነው። ዒላማችሁ ይህች ቁጥር ትሁን።

ስቴቱ በዚያው ሰሞን፣ በ2004፣ አይቤስት የሚባል ፕሮግራም መሞከር ጀመረ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አስተማሪ ይገባል። አንዱ ሙያውን ያስተምራል፣ ሌላው እንግሊዝኛውንና ሂሳቡን ያግዛል። ነርስ ረዳትነት የሚማር ሰው እንግሊዝኛውን የሚለማመደው የበሽተኛ የደም ግፊት ሲመዘግብ ነው። ብየዳም፣ የቢሮ ሥራም፣ የሕፃናት እንክብካቤም አለ፤ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ዋናው ነገር፣ እንግሊዝኛው ሳይሞላላችሁ የምትሰበስቡት የኮሌጅ ክሬዲት መሆኑ ነው። ኮሌጅ ስትሄዱ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። መዝጋቢው በራሱ ላያነሳላችሁ ይችላል።

አጫጭር የግል ኮርሶችን አልቃወምም፤ ቶሎ ሥራ ያስገባሉ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት «ክሬዲት አለው ወይ? ነገ ነርስነት ልማር ብል ይቆጠርልኛል ወይ?» በሉ። መልሱ ከተድበሰበሰ የለውም ማለት ነው። ሰርተፊኬት መስጠትና ክሬዲት መስጠት ለየብቻ ናቸው።

12ኛ ክፍል አልጨረሳችሁም? ዲቪ በሥራ ልምድ የመጣ ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል። የስቴቱ ኮሌጆች ሃይስኩል ፕላስ የሚባል መንገድ አላቸው፤ የሥራና የሕይወት ልምዳችሁም ለዲፕሎማው ይቆጠራል። የጨረሳችሁ ደግሞ ማስረጃችሁን ከአገር ቤት አስልኩ፣ አስተርጉሙ።

ስለ ገንዘብ። መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ክፍሎቹ በኳርተር፣ ማለትም በሦስት ወር ገደማ የትምህርት ጊዜ፣ 25 ዶላር ገደማ ናቸው። የኮሌጅ ክፍያው ግን ይከብዳል፣ ስለዚህ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የመጣ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሁሉ መሙላት ይችላል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ ደግሞ ዋስፋ ስለሚባለው የስቴቱ ቅጽ ጠይቁ። የፋፍሳው መልስ ሲመጣ ወረቀቱን በደንብ አንብቡ። ፔል ግራንት (ስጦታው) እና ሎን (ብድሩ) ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ፔሉ አይመለስም፣ ሎኑ ከነወለዱ ይመለሳል። ብዙ ሰው ሁለቱንም «የመንግሥት እርዳታ» ብሎ ይፈርምና ኋላ ይደነግጣል። ሎኑን አልፈልግም ማለት መብታችሁ ነው።

ፉድ ስታምፕ የምታገኙ ከሆነ ኮሌጁ ውስጥ ቢፌት የሚባለውን ቢሮ ፈልጉ። ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ፣ አንዳንዴም ለትራንስፖርት ያግዛል። ስትሄዱ የሥራ ፈረቃችሁን ጽፋችሁ ያዙ። ክፍሉ ቀን ላይ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ከአለቃችሁ ጋር ፈረቃ ስለመቀየር መነጋገር ይኖርባችኋል።