በቡድን ሐሳብ ማፍለቅ፦ መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ተናገሩ

የሐሳብ ማፍለቂያ ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና በጥያቄው ነው። «ሥራችንን እንዴት እናሻሽል?» የተባለ ሰው መልሱም እንደዚያው ጥቅል ይሆናል። «ደንበኛ ወረፋ የሚጠብቅበትን ጊዜ በግማሽ ለመቀነስ ምን ምን ማድረግ ይቻላል?» ብላችሁ አጥብቡት። መልሱን ግን ጥያቄው ውስጥ አትክተቱ፤ «በስልክ መተግበሪያ እንዴት እንቀንስ?» ካላችሁ ሌላውን መንገድ ሁሉ ዘጋችሁት። ጥያቄውን ከአንድ ቀን በፊት ለሁሉም አሳውቁ።

ዘዴውን ያስፋፋው አሜሪካዊው የማስታወቂያ ባለሙያ አሌክስ ኦስቦርን አራት ደንቦች አስቀምጦ ነበር፦ ሐሳብ በሚፈልቅበት ሰዓት አትተቹ፤ ያልተለመደውንም ተቀበሉ፤ ብዛት ላይ አተኩሩ፤ የሌላውን ሐሳብ አዳብሩ። ደንቦቹ ዛሬም ይሠራሉ። ችግሩ ሁሉም በአፍ ይሁን ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ ለየብቻቸው የሠሩ ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር አብረው ከተወያዩት እኩል ቁጥር ካላቸው ሰዎች በልጠው እንደተገኙ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ተራ መጠበቅ ነው፤ አንድ ሰው ሲናገር ሌሎቹ የያዙትን ላለመርሳት ሲታገሉ አዲስ ነገር ማሰብ ያቆማሉ፣ ወይም የያዙት ይጠፋባቸዋል። ሌላው ደግሞ ይሉኝታ ነው።

ስለዚህ ስድስት ሰው ሰብስቡና ለእያንዳንዱ ሦስት ዓምድና ስድስት ረድፍ ያለው ወረቀት ስጡ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም በዝምታ ሦስት ሐሳብ በመጀመሪያው ረድፍ ይጻፍ፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ቀኙ ያሳልፍ። ተቀባዩ ከላይ ያለውን አንብቦ ያዳብረዋል ወይም አዲስ ይጨምራል። ስድስት ዙር፣ 30 ደቂቃ፣ እስከ 108 ሐሳብ። ብዙዎቹ ይደጋገማሉ፤ ይህ አያሳስባችሁ። ሦስተኛው ዙር አካባቢ ብዕር ሁሉ ቀጥ ሲል ግን አታቋርጡ፤ ሁሉም የሚያውቀው መልስ ያለቀው ያኔ ነው፣ አዲሱም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአጭር ዕረፍት በኋላ ሐሳቦቹን ማን እንደጻፋቸው ሳትናገሩ አንብቡ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጉ። አሁን መተቸት ይፈቀዳል። እያንዳንዱ ሰው ለመረጣቸው ሦስት ሐሳቦች ምልክት ያድርግ፤ አለቃው መጨረሻ ላይ ይምረጥ፣ አለበለዚያ ሌላው እሱን ይከተላል። ብዙ ምልክት ባያገኝም አንድ ሰው አጥብቆ የሚሟገትለትን ሐሳብ አትጣሉት። ለተመረጡት ደግሞ ማን፣ እስከ መቼ፣ በምን ትንሽ ሙከራ እንደሚፈትናቸው እዚያው ጽፋችሁ ተነሡ።