በእንግሊዝ ፈረስ ለማከራየት ፈቃድ ስለማውጣት

በእንግሊዝ ፈረስ ለግልቢያ ማከራየት የሚፈልግ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የእንስሳት ሥራዎች ፈቃድ ደንብ መሠረት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለዚህም የፈረስ አያያዝ የትምህርት ማስረጃ ወይም በቂ ልምድ፣ እንዲሁም ተከራዩ ቢጎዳ ወይም ሌላ ሰው ቢጎዳ የሚሸፍን መድን ያስፈልገዋል፤ የመድኑ ምስክር ወረቀትም በግልጽ በሚታይ ቦታ ይሰቀላል። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ፈረስ ወይም መውለጃዋ የተቃረበ ባዝራ አይከራዩም።

ችላ ለማለት የሚቀለው፣ በእኔ እምነት ግን ቀድሞ መሰናዳት ያለበት የፈረሶቹ መዝገብ ነው፤ የእያንዳንዱ ፈረስ የፓስፖርት (የመታወቂያ ሰነድ) ቅጂና በአካሉ ውስጥ የሚቀበረው የማይክሮቺፕ (የመለያ ቺፕ) ቁጥር በውስጡ መገኘት አለበት። ተቆጣጣሪው ሰኮናውን አንሥቶ ወይም ኮርቻ የላጠውን ጀርባ አይቶ ሕክምና ያስፈልገዋል ካለ፣ ባለፈቃዱ በራሱ ወጪ የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ ለአስተዳደሩ እስኪያስገባ ድረስ ፈረሱ ወደ ሥራ አይመለስም።