ኦብጀክቱ ከተለቀቀ በኋላ፦ በከርነል ኮድ ስናጸዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሲወድቅ ትቶት በሚሄደው መዝገብ ውስጥ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ የሚል አድራሻ ካያችሁ ነገሩ ግማሽ ተፈትቷል። ስለብ የተባለው የሜሞሪ አከፋፋይ፣ መመርመሪያው ከተከፈተለት፣ የተለቀቀን ቦታ በዚህ ባይት ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ኮድ ከተለቀቀ ኦብጀክት (በሜሞሪ ውስጥ ከነበረ የዳታ መዋቅር) ውስጥ ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ፣ አንብቦ ሊከተለው ሞክሯል ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ሳምንታት ሊበላ ይችላል። እኔን አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት በልቶኛል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹንም ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የወደቀበትን ቦታ ጥፋተኛ ማድረግ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ከርነሉም የሚጮኸው ሜሞሪው በተለቀቀበት ቅጽበት አይደለም። ቤቱን ሌላ ተከራይ ከያዘው በኋላ የቀድሞው ወዳጅ በአሮጌው ቁልፍ ሊገባ ሲሞክር ነው። በዚያ መስመር ላይ «ፖይንተሩ ባዶ ከሆነ ተመለስ» የሚል ማጣሪያ መጨመር የሁላችንም የመጀመሪያ ፈተና ነው። ከንቱ ነው፤ ፖይንተሩ ባዶ አይደለምና። ስንለቅ ፖይንተሩን ባዶ እናድርገው ብትሉም፣ በማጣራቱና በመጠቀሙ መካከል ሌላ ፕሮሰሰር ሊለቅቀው ይችላል። ክፍተቱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። የጠበበ ክፍተት ደግሞ ከሰፊው ይብሳል፤ በሙከራ ክፍል ይሰወርና በደንበኛው ማሽን ላይ ብቅ ይላል።

ካሳን የተባለው መመርመሪያ ከ4.0 ስሪት (በፈረንጆቹ 2015) ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ። አንድ ስህተት ሲይዝ ሦስት ታሪክ ይነግራል፦ ማን ተጠቀመው፣ ማን ፈጠረው፣ ማን ለቀቀው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ኮዱን መነካካት ይጀምራል። እኔ ከሦስተኛው እነሣለሁ። ለቃቂው የመጨረሻው ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ያመነው በምን ማስረጃ ነው? የተጠቃሚው ማጣቀሻስ በማን ስም ተመዝግቦ ነበር? ለዚህ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻልኩ ኮዱን ገና አልተረዳሁትም።

ቆጣሪን እንደ ክታብ ማንጠልጠል

የማጣቀሻ ቆጣሪ፣ ማለትም ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥር ቁጥር፣ ያለው ኦብጀክት ሁሉ የዳነ ይመስለናል። ነገር ግን ቆጣሪውን የሚጨምረው ኬሬፍ ጌት የሚሠራው ቀድሞውኑ ማጣቀሻ በእጁ ላለ ብቻ ነው። ኦብጀክትን ከዝርዝር ፈልጎ ካገኙ በኋላ፣ ያለ ሎክ (ሌሎችን ተራ የሚያስጠብቅ መቆለፊያ) ቆጣሪውን ከፍ ማድረግ የተገነዘን ሰው ለእራት እንደ መጥራት ነው። ፍለጋውና ጭማሪው በአንድ ሎክ ሥር ይሁኑ፤ ከዝርዝር የሚያወጣውም ኮድ ያንኑ ሎክ ይያዝ። ፍለጋው አንባቢዎች ያለ ሎክ እንዲያነቡ በሚያስችለው በአርሲዩ ጥበቃ ሥር ከሆነ «ዜሮ ካልሆነ ብቻ ጨምር» የሚለውን ተግባር ተጠቀሙ፤ ካልተሳካም ኦብጀክቱ እንዳልተገኘ ቁጠሩት።

ሌላው ወገን ደግሞ የወሰዱትን ማጣቀሻ መመለስን መርሳት ነው። «ይህማ ሜሞሪ ማባከን ብቻ ነው» የሚል ሰው በ2016 መጀመሪያ ይፋ የሆነውን ሲቪኢ 2016-0728 የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ያስታውስ። አንድ ሂደት የያዘውን የቁልፍ ቀለበት (ከርነሉ ምስጢራዊ ቁልፎችን የሚያኖርበትን መዝገብ) በራሱ በዚያው ቀለበት ልተካ ሲል፣ ከርነሉ ማጣቀሻ ጨምሮ ሳይመልስ ይወጣ ነበር። ቆጣሪው 32 ቢት ነው። ጥሪውን ከአራት ቢሊዮን ጊዜ በላይ የደጋገመ ሰው ቆጣሪውን አዙሮ ወደ ዜሮ ያደርሰዋል፤ ከርነሉም ገና ሰው የያዘውን ኦብጀክት ይለቅቃል። በአንድ የመውጫ መንገድ ላይ የተረሳች አንዲት መስመር ተራ ተጠቃሚን የማሽኑ ጌታ አደረገች። በ4.11 (2017) የመጣው ሪፍካውንት ቲ የተባለ የቆጣሪ ዓይነት ጣሪያ ላይ ሲደርስ እዚያው ይቆማል፤ ኦብጀክቱ ሳይለቀቅ ይቀራል፣ ማስጠንቀቂያም ይጻፋል። ዛሬ አዲስ ኮድ እየጻፈ ለዚህ ሥራ ተራ አቶሚክ ቁጥር የሚጠቀም ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም።

ታይመሩ ቆሟል ብሎ ማመን

ዴል ታይመር የሚባለው የቀድሞ ተግባር ታይመሩን ከወረፋ ያወጣል እንጂ በሌላ ፕሮሰሰር ላይ መሥራት የጀመረውን ተግባር አይጠብቅም። የሚጠብቀው ዴል ታይመር ሲንክ የተባለው ባለ ሲንኩ ወንድሙ ነው። ይህን ሁሉም ሰው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቀመሳት በኋላ፣ ያውቃል።

ጉዳዩ የሚወሳሰበው ታይመርና ወርክኪው (የሥራ ወረፋ) እርስ በርስ ሲጠራሩ ነው። ታይመሩ ጊዜው ሲደርስ ሥራ ወደ ወረፋው ያስገባል፤ ሥራው ደግሞ ሲከናወን ታይመሩን መልሶ ይሞላል። የትኛው ይቅደም? ታይመሩን ብታስቀድሙ ያላለቀው ሥራ ይቀሰቅሰዋል። ወረፋውን ብታስቀድሙ ታይመሩ ደርሶ ወደ ፈረሰ ወረፋ ሥራ ይወረውራል። በከርነሉ ውስጥ ያለ አንድ የብሉቱዝ ድራይቨር በዚሁ ወጥመድ ተይዞ ነበር። መጀመሪያ ባለ ሲንኩ ተግባር ገባለት፣ ቅደም ተከተሉም ተቀየረና ወረፋው ቀድሞ እንዲፈርስ ሆነ። ብልሽቱ ብርቅ ሆነ እንጂ አልጠፋም። ሁለቱም ቅደም ተከተሎች ስህተት ናቸውና የመስመሮችን ቦታ በማለዋወጥ የሚገኝ መፍትሔ አልነበረም።

መፍትሔው በ6.2 (2023) የመጣው ታይመር ሻትዳውን ሲንክ ነው። ታይመሩን ያቆማል፣ የጀመረውን ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ ሊሞላው የሚሞክር ቢኖር ሙከራው ዝም ተብሎ ይቀራል። እንግዲህ ታይመሩ በዚህ ይዘጋ፣ ቀጥሎ ወረፋው ይፍረስ። በአሮጌ ከርነል ላይ የምትሠሩ ከሆነ «እየዘጋሁ ነው» የሚል ምልክት አኑሩ፤ ታይመሩም ሥራውም ምልክቱን በሎክ ሥር አይተው ይለፉ። ነገር ግን ያንኑ ሎክ ይዛችሁ ባለ ሲንኩን ተግባር እንዳትጠሩ፤ እናንተ ታይመሩን፣ ታይመሩ ሎኩን ስትጠባበቁ ይነጋል።

በሩን ሳይዘጉ ማፍረስ

ይህ አጭር ነው። መጀመሪያ ምዝገባውን ሰርዙ፣ አዲስ እንግዳ እንዳይገባ። ቀጥሎ ገብተው ያሉትን ጠብቁ፦ ኢንተራፕቱን (ከመሣሪያው የሚመጣውን ጥሪ)፣ ሥራውን፣ ታይመሩን። ሜሞሪው የሚለቀቀው መጨረሻ ላይ ነው። የማፍረሻ ኮድ ከመገንቢያው ተቃራኒ ሆኖ ካልተነበበ ተጠራጠሩት።

ለሁሉም ነገር ዴቭኤምን መጠቀም

ዴቭኤም ኬዛሎክ የተባለው የሜሞሪ መያዣ ተግባር ምቹ ነው፤ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ ሜሞሪውን በራሱ ይለቅቃል። ምቾቱ ነው ጠንቁ። አንድ ፕሮግራም የመሣሪያውን ፋይል ከፍቶ ሳለ ተጠቃሚው ዩኤስቢውን ነቀለው እንበል። ድራይቨሩ ይላቀቃል፣ ሜሞሪው ይለቀቃል፤ ፕሮግራሙ ግን ፋይሉን ገና አልዘጋም። ሲዘጋ የድራይቨሩ ተግባር ተጠርቶ የሌለ መዋቅር ያነባል። የመዋቅሩ ዕድሜ ከመሣሪያው ሳይሆን ፋይሉን ከያዘው ሰው ጋር የተሳሰረ ከሆነ ቆጣሪ ያስፈልገዋል፤ የሚለቀቀውም ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ በሚጠራው የመልቀቂያ ተግባር ውስጥ ነው።

ስለ መልቀቂያ ተግባር ካነሣን፣ ከርነሉ የመልቀቂያ ተግባር የለህም ብሎ ሲያማርር ባዶ ተግባር ሰጥቶ ዝም ማሰኘት አለ። ስለዚህ ብዙ ማለት አልፈልግም። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር።

አርሲዩን በግማሽ መጠቀም

ኦብጀክቱን ከዝርዝር አውጥቶ ወዲያው በኬፍሪ (በተራው የሜሞሪ መልቀቂያ) መልቀቅ፣ አንባቢዎቹ ገና እያነበቡት መጽሐፉን መቅደድ ነው። አንባቢዎቹ እስኪጨርሱ መልቀቁን የሚያዘገዩት ኬፍሪ አርሲዩ ወይም ኮል አርሲዩ የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ብዙም የማይታወቀው የሞጁል (ከርነሉ እየሠራ ሳለ የሚጫንና የሚነሣ ክፍል) መውጫ ነው። በኮል አርሲዩ ያስመዘገባችኋቸው ተግባራት ገና ሳይጠሩ ሞጁሉ ከወጣ፣ የተግባሮቹ ኮድ ራሱ ከሜሞሪ ይጠፋል። ሲንክሮናይዝ አርሲዩ እዚህ አይበቃም፤ የሚጠብቀው አንባቢዎችን እንጂ የተመዘገቡትን ተግባራት አይደለምና። መጠራት ያለበት አርሲዩ ባሪየር ነው፤ እሱም አዲስ ምዝገባ ከቆመ በኋላ።

አልደገመም ብሎ መዝጋት

ያ ሦስት ሳምንት የበላኝ ብልሽት የማተሚያ መስመር በጨመርኩ ቁጥር ይጠፋ ነበር። ማተም ጊዜ ይወስዳልና በፕሮሰሰሮቹ መካከል ያለውን ሩጫ ያዛባዋል። የሚሻለው በትሬስ ፕሪንትኬ ወደ ሜሞሪ መጻፍ ነው፤ ከዚያ የበለጠ የጠቀመኝ ግን የተጠረጠረውን ክፍተት ሆን ብሎ ማስፋት ነው። ከርነሉ ራሱ ይህን ዘዴ ያውቃል፤ ዲበግ ኬኦብጀክት ሪሊስ የተባለው ምርጫ ሲከፈት የመልቀቂያ ተግባሩ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ በዘፈቀደ እንዲዘገይ ይደረጋል፤ «ወዲያው ይለቀቃል» ብሎ የተጻፈ ኮድ ሁሉ ይጋለጣል። ካሳን ማሽኑን ስለሚያዘገይ በደንበኛ ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ ለዚያ በናሙና የሚሠራው ኬፈንስ ከ5.12 (2021) ጀምሮ አለ።

እኔም በፍለጋው ተግባር ውስጥ፣ ፖይንተሩን ካነበበ በኋላ ቆጣሪውን ከመጨመሩ በፊት፣ የ200 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት አስገባሁ። ድራይቨሩን በሲስኤፍኤስ (የከርነሉ ቅንብሮች እንደ ፋይል በሚታዩበት ቦታ) በኩል የሚያላቅቅና መልሶ የሚያያይዝ ዑደት አስነሥቼ ቡና ልቀዳ ተነሣሁ። ውኃው ሳይፈላ ማሽኑ ወደቀ። ጥገናው ሁለት መስመር ነበር፤ ሎኩን ከፍለጋው በፊት መያዝ፣ ቆጣሪው ከጨመረ በኋላ መልቀቅ። መዘግየቱን ሳላነሣ ዑደቱን ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩት፤ ጠዋት ስመለስ አሁንም ያላቅቃል፣ ያያይዛል።