ያማረ ደብተር ይዞ መውደቅም አለ፦ ኖት ከክፍል እስከ ፈተና

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ደብተሬ ክፍሉ ውስጥ ታዋቂ ነበር። አራት ቀለም እስክሪብቶ ነበረኝ። ርዕስ በቀይ፣ ትርጉም በአረንጓዴ፣ ምሳሌ በሰማያዊ፣ የተረፈው በጥቁር። መምህሩ ቢያስነጥስ እሱንም ሳልጽፍ አልቀርም ነበር። ፈተና ሲቃረብ ደብተሬ ለኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ እኔ ጋ አያድርም። ታዲያ አንድ ቀን የባዮሎጂ ውጤት ተለጠፈ። ደብተሬን ኮፒ ያደረገችው ጓደኛዬ 88 አመጣች። እኔ 61። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። ምን አጥፍታ እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

በ36 ዓመቴ፣ ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ እንደገና ተማሪ ሆንኩ። አሁን ቀለም ለመቀያየር ጊዜ የለም። ስለ ኖት አያያዝ ምን እንደተጠና ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1972 ዲ ቬስታ እና ግሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች የኖትን ጥቅም ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው መጻፉ ራሱ ነው፤ ስትጽፉ ታዳምጣላችሁ፣ ታስባላችሁ። ሁለተኛው የተጻፈው ነገር ነው፤ ኋላ ተመልሳችሁ ትከልሱበታላችሁ። ይህን ሳነብ 61 እና 88 ትዝ አሉኝ። እኔ ጻፍኩና ዘጋሁት። እሷ አንድ መስመር ሳትጽፍ ሠራችበት።

ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር በአብዛኛው ከክፍል ከወጣችሁ በኋላ ስላለው ነው። ግን ከክፍሉ እንጀምር።

ክፍል ውስጥ

ሁሉንም መጻፍ አትችሉም። መምህር በደቂቃ ከመቶ ቃል በላይ ይናገራል። እጃችን ደግሞ ቢሮጥ ቢሮጥ ሃያ ቃል አካባቢ ነው። በአሜሪካው ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ኖት አያያዝን ያጠናው ኬኔት ኪዌራ እንደሚለው፣ ተማሪ ከትምህርቱ ዋና ዋና ነጥቦች ደብተሩ ላይ የሚያሰፍረው ሲሶውን ያህል ነው። ሁለት ሦስተኛው አየር ላይ ይቀራል ማለት ነው።

መምህሩ «ሦስት ምክንያቶች አሉ» ካለ ወዲያው 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቦታ ያዙ። ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ እንኳ ባዶው ቁጥር ያጋልጣችኋል። «በተቃራኒው»፣ «ዋናው ነገር»፣ «ልዩነታቸው» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ጆሮ ይቁም። እኔ በዲግሪዬ ጊዜ ትርጉም ስገለብጥ ምሳሌው ያመልጠኝ ነበር። አሁን ግን ተገላቢጦሽ ነው የማደርገው። ትርጉሙን መጽሐፍ ላይ አገኘዋለሁ፤ የመምህሩን ምሳሌ ግን ከእሱ አፍ በስተቀር የትም አላገኘውም።

ደግሞ የቀኙን ገጽ ብቻ ጻፉ። የግራው ባዶ ይሁን። ወረቀት ማባከን ይመስላል፣ አውቃለሁ። ያመለጣችሁ ቦታ ላይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። እዚያ ላይ ስትጨነቁ ቀጣዩም ያልፋችኋል።

ቀዳዳውን መድፈን

በ2016 ሉዎ፣ ኪዌራ እና ሳሙኤልሰን ያወጡት ጥናት ለእኔ ብዙ ነገር ቀይሮልኛል። ኖታቸውን በትምህርቱ መሃል በተሰጡ አጫጭር እረፍቶች ያሟሉ ተማሪዎች፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ካሟሉት የተሻለ አደረጉ። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ገና ያልበረደ ነገር ይታወሳል።

ስንት መምህር ቆም ይላል ትሉኛላችሁ። አይልም። ግን ሰሌዳ ሲያጠፋ፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲለው፣ አንድ ተማሪ ረጅም ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ያ ሁሉ የእናንተ ጊዜ ነው። እኔ ማታ ስማር አጠገቤ ከሚቀመጥ ሰውዬ ጋር ተስማምተን ነበር። ክፍተት ስትገኝ ደብተር እንለዋወጣለን። የእሱ የእጅ ጽሑፍ የሐኪም ማዘዣ ነው፤ ቢሆንም የእኔን የጥያቄ ምልክቶች ግማሹን ይሞላልኛል። የቀረውን ያንኑ ማታ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ በግራው ገጽ ላይ እጨርሳለሁ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለነገ ካደረ ግን የራሴን ምህጻረ ቃል ራሴ መፍታት ያቅተኛል።

ዝርዝሩን ወደ ሠንጠረዥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ይህን ነው። ያን 61 ያመጣሁበትን ትምህርት እንውሰድ፦ የደም ሥሮች። ደብተሬ ላይ ሦስት ያማሩ አንቀጾች ነበሩ። አንዱ ስለ ደም ቅዳ፣ አንዱ ስለ ደም መልስ፣ አንዱ ስለ ካፒላሪ (ከሁሉም ስለሚቀጥኑት የደም ሥሮች)። እያንዳንዱን ለየብቻው ሸምድጄ ገባሁ። ፈተናው የጠየቀው ግን ሦስቱ በምን እንደሚለያዩና ለምን እንደሚለያዩ ነው። ድርቅ ብዬ ቀረሁ።

አሁን ቢሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ከላይ ሦስት ዓምድ፦ ደም ቅዳ፣ ደም መልስ፣ ካፒላሪ። ከጎን ረድፎቹ፦ ደሙ ወዴት ይሄዳል፣ ግድግዳው፣ ግፊቱ፣ ቫልቭ አለው ወይ፣ ሥራው። ከዚያ ሳጥኖቹን መሙላት ነው። ደም ቅዳ ከልብ ያወጣል፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ግፊቱ ከፍተኛ፣ ቫልቭ የለውም። ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል፤ ግድግዳው ቀጠን ያለ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ፣ ቫልቭ አለው። የካፒላሪ ግድግዳ የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው።

እስቲ ወደ ጎን አንብቡት። ግፊቱ ከፍ ያለበት ግድግዳው ወፈረ። ግፊቱ ዝቅ ያለበት ቫልቭ መጣ፤ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋላ! ካፒላሪ ለምን ሳሳ? ኦክስጅንና ምግብ የሚተላለፉት በእሱ በኩል ስለሆነ። ሦስት አንቀጽ መሸምደድ ቀርቶ ሁለት «ለምን» ብቻ ያዝኩ ማለት ነው። ሠንጠረዡ ስህተትም ያጋልጣል። «ኦክስጅን ይይዛል ወይ» የሚል ረድፍ ጨምሩና ደም ቅዳ ሥር «አዎ» ብላችሁ ጻፉ። ወዲያው አንድ ደም ቅዳ ይከራከራችኋል፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ኦክስጅኑ ያነሰ ደም ነው የሚይዘው። እንዲህ ዓይነቷን ነገር ፈታኞች ይወዷታል።

ኪዌራ ይህን ሁሉ በአራት ደረጃ ነው የሚያስቀምጠው፦ መምረጥ፣ ማደራጀት፣ ማያያዝ፣ ራስን መቆጣጠር። የመጨረሻዋ ስሟ ከበድ ይላል እንጂ ራስን መፈተን ማለት ነው።

ደብተሩን ክደኑት

ከዓመታት በኋላ ያቺን ጓደኛዬን አግኝቼ በኮፒዬ ምን አድርጋበት እንደነበር ጠየቅኳት። ሳቀች። በእያንዳንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ ጥያቄ ትጽፍና የእኔን ጽሑፍ በወረቀት ሸፍና ራሷን ትጠይቅ ነበር። የተሳሳተችበት ላይ ነጥብ ታደርጋለች፤ በማግስቱ ባለ ነጥቦቹን ብቻ ትመልሳለች። እኔ በዚያው ሰዓት ያንኑ ገጽ በሃይላይተር ቢጫ በቢጫ እያደረግኩ አራተኛ ጊዜ አነብ ነበር።

ሮዲገር እና ካርፒኪ በ2006 ያወጡት ሙከራ የእኛን የሁለታችንን ታሪክ ይመስላል። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ሁለቴ አነበቡ። ሌላውን አንዴ አንብበው፣ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 ከመቶ በ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 42፣ ራሳቸውን የፈተኑበት 56። ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ነው። ደጋግሞ ማንበብ ዛሬ ማታ «ገብቶኛል» ያሰኛል። ፈተናው ግን የሚመጣው ሳምንት ነው።

ራሳችሁን ስትፈትኑ ጮክ ብላችሁ ወይም በጽሑፍ መልሱ። በልባችሁ «ይቺን አውቃታለሁ» ብሎ ማለፍ አይቆጠርም። እኔ እዚያ ላይ ራሴን ስንቴ አታልያለሁ።

ጊዜውንም በትኑት። አራት ሰዓት ካላችሁ በአራት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይሁን እንጂ በአንድ ሌሊት አትጨርሱት። ደንሎስኪ እና ባልደረቦቹ በ2013 አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መዝነው ከፍተኛ ነጥብ የሰጡት ለሁለቱ ነው፦ ራስን ለመፈተንና ጥናትን በጊዜ ለመበተን። ሃይላይተርና ደጋግሞ ማንበብ ከታች ናቸው።

ላፕቶፕ ወይስ ወረቀት? በ2014 የወጣ ዝነኛ ጥናት ለወረቀት ፈርዶ ነበር፤ በኋላ ሲደጋገም ውጤቱ ያን ያህል አልጸናም። እኔ ወረቀት ነኝ፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ ስይዝ እንደ ድሮው ቃል በቃል መገልበጥ ይጀምረኛል። እናንተን ካልጀመራችሁ ጻፉበት።

ስለ «ሰቃዮች»

ጓደኛዬን ሁሉም «ጭንቅላት አላት» ይላት ነበር። እኔን «ቸካይ»። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም በ1985 ይፋ ባደረገው ጥናት 120 የሚሆኑ የተሳካላቸው ሰዎች ልጅነት ተመርምሮ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቾች፣ ዋናተኞች፣ የሒሳብ ሊቃውንት ጭምር። አብዛኞቹ በልጅነታቸው ይህ ነው የተባለ ልዩ ነገር አልታየባቸውም። ቤቱ፣ የመጀመሪያው አስተማሪ፣ አጠገብ ሆኖ የሚከታተል ሰው፣ ከዚያም የዓመታት ልምምድ ነበር የገነባቸው። ጓደኛዬም ያን መሸፈን የለመደችው ከአባቷ ነው። ማታ ማታ ደብተሯን ይቀበልና ይጠይቃታል። ትምህርቱን እሱ ራሱ አያውቀውም፤ ከገጹ እያየ ነው።

ልጅ ካላችሁ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፤ እውቀት አይጠይቅም። እኔ ለእህቴ ልጅ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ሰሞን ተነጫነጨብኝ። አሁን ደብተሩን ራሱ ያመጣል፤ ሆኖም አዲስ ሕግ አውጥቷል። አምስት ከመለሰ አንድ እሱ ይጠይቀኛል። ባለፈው ሳምንት «አክስቴ፣ የሳንባዋ ደም መልስስ ምን ዓይነት ደም ነው የምትይዘው?» አለኝ። ሠንጠረዡን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ደብተሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋብኝ።