የድሮ የእንጨት ጀልባ ሻፍት ስትቀይሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጀልባው ይንቀጠቀጣል። ሻፍቱ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ረጅም የብረት ዘንግ፣ ወጥቶ ሲታይ ተበልቷል። አዲስ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ በሚቀጥለው በጋ ያው መንቀጥቀጥ ተመልሶ ይመጣል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ማስቀረት ይቻላል።

የማወራው በተለይ የአሜሪካው ጀልባ ሠሪ ክሪስ ክራፍት ስለሠራቸው ዓይነቶች ነው። እነዚያ ሚሺጋን፣ አልጎናክ የተወለዱት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በማሆጋኒ እንጨት ሲሠሩ የነበሩት ቆንጆ ጀልባዎች። ብዙዎቹ ላይ ሞተሩ መሃል ይቀመጣል። ከካምቢዮው ብዙ ጊዜ 1 ኢንች ውፍረት ያለው ሻፍት ይነሳና የጀልባውን ሆድ በስቶ፣ ሰያፍ ወርዶ ፕሮፔለሩን ያዞራል።

የመጀመሪያው ስህተት ምክንያቱን ሳይፈልጉ ሻፍት ማዘዝ ነው። ሻፍት ዝም ብሎ አይበላም። ከጀልባው ሥር ሻፍቱን ደግፎ የያዘውን የጎማ ኩሽኔታ አውጡና በደንብ እዩት። ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ሻፍቱና ሞተሩ አንድ መስመር ላይ አይደሉም ማለት ነው። ዙሪያውን እኩል ከተበላ ደግሞ ወይ ሻፍቱ ጎብጧል፣ ወይ ፕሮፔለሩ ሚዛኑን ስቷል፣ ወይ ኩሽኔታው ዕድሜውን ጨርሷል። ይህን ሳታዩ የድሮውን ኩሽኔታ ከጣላችሁት ማስረጃውን አብራችሁ ጣላችሁ።

ሁለተኛው መዶሻ ነው። እባካችሁ፣ የሻፍቱን ጫፍ አትምቱ! ምቱ በሻፍቱ በኩል ሄዶ የሚያርፈው ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ላይ ነው፤ የሻፍቱም ጥርስ ይበላሻል። ለፕሮፔለሩ ፑለር (ስቦ መንቀያ መሣሪያ) ተጠቀሙ። ዳዶውን አላሉት እንጂ ጨርሳችሁ አታውጡት፣ ፕሮፔለሩ ሲለቅ ዘሎ ነው የሚወጣው። ከካምቢዮው በኩል ደግሞ ካምቢዮውንና ሻፍቱን የሚያያይዘውን ካፕሊንግ ለያዩት፣ በሁለቱ ፊቶች መሃል ከሻፍቱ ትንሽ የሚቀጥን አጭር ብረት አስገቡ፣ ከዚያ ረጃጅም ብሎኖች አስገብታችሁ ዙሪያውን እኩል እኩል አጥብቁ። ሻፍቱ በራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ከኋላ ውሃ ውስጥ ያለው መሪ የሻፍቱ መንገድ ላይ እንዳልቆመ አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ጀልባ ላይ መሪው ካልወረደ ሻፍት ንቅንቅ አይልም።

ሦስተኛው፣ ሰፈር ካለ ብረት ቤት የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ገዝቶ መጠረብ። ተራ ስቴንለስ አየር የማያገኝ የቆመ ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንደ ወንፊት ይበሳሳል፣ ሻፍቱ የሚያልፍበት፣ ውሃ በብዛት እንዳይገባ የሚያሽገው ስታፊንግ ቦክስ ደግሞ ትክክል እንደዚያ ያለ ቦታ ነው። ለጀልባ ሻፍት ተብሎ የተሠራ፣ እንደ አኳሜት 22 ያለ ብረት ውሰዱ። አዲሱን ካፕሊንግና ሻፍት አንድ ላይ ገጥሞ ፊቱን የሚያስተካክል ቶርኖ ቤትም ፈልጉ፣ ለየብቻ የመጡ ከሆነ ልኩ ይዛባል። በሌሎቹ ብረቶች ፈንታ እንዲበላ ዚንክ ማሰራችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ማብዛት ለእንጨት ጀልባ ጥሩ አይደለም፤ ከመጠን ሲያልፍ በብረቶቹ ዙሪያ ያለውን እንጨት ራሱን ይበላዋል።

ፕሮፔለሩ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ፕሮፔለሩን ከሻፍቱ ጋር የሚቆልፈውን ኪ የሚባል ትንሽ ብረት መጀመሪያ አታስገቡ። ፕሮፔለሩን ያለ ኪ ገፍታችሁ ሻፍቱ ላይ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከኪው ጋር ሞክሩ። እዚያው ምልክት ላይ ካልደረሰ ኪው ፕሮፔለሩን አንጠልጥሎታል፣ ትንሽ ሞረድ ያስፈልገዋል። አዲሱ የጎማ ኩሽኔታ ላይ ደግሞ ግራሶ አትቀቡ። የሚያለሰልሰው ውሃ ነው፤ ለመግጠሚያ የዕቃ ሳሙና ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ እያለ ሞተሩንና ሻፍቱን አስተካክሎ መጨረስ ነው። የፋይበር ጀልባ ባለቤት ይህን ቢያደርግ ምናልባት ትንሽ ይሳሳታል። የእንጨት ጀልባ ግን ቅርጹን ይቀይራል! መሬት ላይ ሳንቃዎቹ ደርቀው ይኮማተራሉ፣ ኪሉም (ከጀልባው ሥር በቁመት የሚሄደው ዋና እንጨት) የተደገፈበትን ቦታ ተከትሎ ይታጠፋል። ውሃ ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ውሃው ከሥር እኩል ይደግፈዋል፣ ትናንት ቀጥ ያለው መስመር ዛሬ ጠማማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መሬት ላይ በግምት አስተካክሉ፣ ይበቃል። ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ስጡት፣ ከዚያ ካፕሊንጉን ፈታ አድርጋችሁ ለኩ።

አለካኩ እንዲህ ነው። የካፕሊንጉን ሁለት ፊቶች ሊነካኩ ትንሽ ሲቀር አቁሟቸው። በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ክፍተቱን እዩ። 4 ኢንች ስፋት ላለው ካፕሊንግ በሰፊውና በጠባቡ መሃል ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ የሻፍቱን ፊት ብቻ ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ለኩ። ሰፊው ክፍተት አብሮ ከዞረ ጥፋቱ ያለው ሻፍቱ ወይም ካፕሊንጉ ላይ ነው። ባለበት ከቀረ ግን መንቀሳቀስ ያለበት ሞተሩ ነው። ሻፍቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚወርድ ስትለኩ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ክፍተቱን ብሎን በማጥበቅ ለመዝጋት የሚሞክር ሰው ብረቱን እያጎበጠ ነው።

የስታፊንግ ቦክሱ ማሸጊያ ገመድ ነገር አጭር ነው። እንደ ሞላ አታጠማዝዙት። ቀለበት ቀለበት አድርጋችሁ ቁረጡ፣ መገጣጠሚያዎቹ አንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ አዛንፏቸው። እንዳይንጠባጠብ ብላችሁም አታንቁት፤ ሻፍቱ ሲዞር በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ መውጣት አለበት። ምንም ካልወጣ ገመዱ ይቃጠልና አዲሱን ሻፍት መፋቅ ይጀምራል።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩን አጥፉና ስታፊንግ ቦክሱን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ካለ ምንም አይደል። እጅ የማያስይዝ ከሆነ ዳዶውን አላሉት። እንጨቱ ለተወሰነ ጊዜ ማበጡን ስለሚቀጥል የካፕሊንጉን ልክ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለኩ።