የሚጥል በሽታ እያለብን ስፖርት እንዴት እንጀምር?

ሰውን የሚያደክመው የሚጥል በሽታ ብቻ አይደለም፤ መቀመጡም ነው። በተደጋጋሚ ሲጥለኝ በነበረ ሰሞን እናቴ ጀሪካን እንኳ አታስነካኝም ነበር። "አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ!" ፍቅር መሆኑ ይገባኛል። ግን ቁጭ ብሎ የከረመ ጡንቻ ይሟሽሻል። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሱቅ ደርሼ ስመለስ መሀል ላይ ግድግዳ ተደግፌ አርፍ ነበር። ለበሽታው የምውጠው ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል።

መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ንገሩ። "ስፖርት መሥራት እችላለሁ ወይ?" ብቻ ሳይሆን "የትኛውን ልሥራ?" በሉ። ብዙ ሰው ስፖርቱ ራሱ ይጥለኛል ብሎ ይፈራል። ያ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው የተዘለለ ኪኒን፣ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ለኪኒንና ለእንቅልፍ፣ ስፖርት ከዚያ በኋላ። ለቅሶ ቤት ካደራችሁ የዚያን ቀን ይቅርባችሁ። ሰሞኑን ጥሏችሁ ከሆነም ሰውነታችሁ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

እኔ የጀመርኩት በእግር ጉዞ ነው፤ ጃንሜዳ፣ ሣሩ ላይ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። አስፋልት ላይ መውደቅና ሣር ላይ መውደቅ አንድ አይደለም። በመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ይበቃል። እያወራችሁ መራመድ ካቃታችሁ ፍጥነት ቀንሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጤነኛውም ያለከልካል። እኔ ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር "መጣብኝ" ብዬ እደነግጥ ነበር። የኔ ምልክት ግን ሌላ ነው፦ ከሆዴ የሆነ ነገር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ የሌለ የላስቲክ ቃጠሎ ይሸተኛል። ልብ መምታትና ማላብ ከዚህ ጋር አይገናኝም። የራሳችሁን ምልክት ለዩ። ከመጣ አግዳሚ ወንበር አትፈልጉ፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ በሉ።

አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይወቅ። ክብሪት ማሸተት አይጠቅምም። አፍ ውስጥ ማንኪያም ውሃም አይገባም። እጅና እግርን ጨምድዶ መያዝም የለም። ጭንቅላት ስር ሹራብ ማድረግ፣ በጎን ማስተኛት፣ ሰዓት መመልከት ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቁ ከደገማችሁ ወደ ሆስፒታል።

ጉልበት የሚመጣው ግን በጉዞ ብቻ አይደለም። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ለዓመታት ሲወሰዱ ቫይታሚን ዲ ሊቀንሱና አጥንት ሊያሳሱ ይችላሉ። አጥንት ደግሞ ክብደት ሲሸከም ይጠነክራል። እኔ ቤት ውስጥ ወንበር ግድግዳ አስደግፌ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ፑሽ አፕ በግድግዳ ጀምሬ አሁን በጉልበቴ ደርሻለሁ። ዳምቤሌ ባዶ ሃይላንድ ነው፦ የግማሽ ሊትሩ ውሃ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ፣ የሁለት ሊትሩ ሁለት ኪሎ። ወንድሜ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ብቻ ከፊታችሁ በላይ አታንሱት። ከሰል ምድጃውና የጠረጴዛው ጠርዝ ራቅ ይበል። ስትጨርሱ ሻወር ብትገቡም በሩን አትቆልፉ።

ጂም ከገባችሁ ለአሰልጣኙ ሳታፍሩ ንገሩት። ፊቱን ካጨማደደ ጂም ቀይሩ። ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ማንሳት) ብቻችሁን አይሆንም። ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ የማቆሚያውን ገመድ ልብሳችሁ ላይ ሰኩ፤ የማይንቀሳቀስ ሳይክል ካለ ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ። ዋና የምትገቡት ችግራችሁን ከሚያውቅና ጎትቶ ሊያወጣችሁ ከሚችል ሰው ጋር ብቻ ነው። ገደል መውጣትና መንገድ ላይ ሳይክል መንዳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ።

ጾም ላይ ሰው የጠዋቱን ኪኒን እስከ 9 ሰዓት ያቆየዋል። እኔ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ "ልጄ፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ" አሉኝ። በባዶ ሆድ ግን ስፖርት አልሠራም፤ በጾም ወራት ከሰዓት በኋላ፣ ከበላሁ በኋላ አደርገዋለሁ። ምን እንደሠራሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁና ጥሎኝ እንደሆነ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለቀጠሮ ስትሄዱ እሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሲወስን ይረዳዋል።