ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ የኤንኤፍኤል ፕሌይኦፍ ስታዲየም ገብቶ እንዴት ይታያል?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 2024፣ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) የጥሎ ማለፍ ጨዋታ (ፕሌይኦፍ) ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ማያሚ ዶልፊንስን 26 ለ 7 ባሸነፈበት ምሽት፣ አሮውሄድ ስታዲየም ውስጥ ጨዋታው የተጀመረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነበር። ንፋሱ ሲታከልበት ገላ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ያህል ሆነ። ከተመልካቾቹ መካከል በኋላ ጣታቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ነበሩ። አንዱ ጓንቱን ያወለቀው መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ለመትከል ነው፤ ያውም ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ።

ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ቲኬት የቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ጃኬት ላይ ያፈሰዋል። ጃኬት ያስፈልጋል። ግን ሰውን በሦስተኛው ሩብ ከመቀመጫው አስነስቶ ወደ ቤቱ የሚሸኘው እግሩና እጁ ነው። ስለዚህ ወጪውን ከጫማ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ

ጨዋታው ራሱ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከመኪና ማቆሚያው የሚኬደው፣ የፍተሻው ሰልፍና ሲያልቅ የሚጠበቀው ሲደመር አምስት ሰዓት ይሞላል። ፕሌይኦፍ ደግሞ በአቻ አይለያይም፤ አሸናፊ እስኪገኝ 15 ደቂቃ እየተጨመረ ይቀጥላል። ለስድስት ሰዓት ተዘጋጁ።

የአየር ትንበያ ስታዩ ቴርሞሜትሩ ከሚለው ይልቅ ንፋሱ ታክሎበት የሚሰማውን ቁጥር ያዙ። በአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ሰንጠረዥ መሠረት ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች 28 አካባቢ ሲደርስ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ፍሮስትባይት (ውርጭ ሥጋን አቀዝቅዞ የሚያደርሰው ጉዳት) ሊይዘው ይችላል። ግሪን ቤይ፣ ቡፋሎ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ዴንቨር፣ ቺካጎ ሁሉም ጣሪያ የሌላቸው ስታዲየሞች ናቸው። የሚኒሶታ ወገኖቻችን ከአውሮፓውያኑ 2016 የውድድር ዘመን ጀምሮ ቡድናቸውን ቫይኪንግስን ጣሪያ ሥር ያያሉ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ግን ሲያትል 10 ለ 9 ሲያሸንፋቸው ከዜሮ በታች 21 ላይ፣ ጣሪያ በሌለው ስታዲየም ነበሩ።

እግር

የስታዲየሙ ወለል ኮንክሪት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ውሏል። እናንተ ቆማችሁበት ለሰዓታት ሙቀታችሁን በጫማችሁ ሶል በኩል ይስባል። ከላይ ምንም ብትደርቡ ይህን አያቆመውም።

ጫማው ወፍራም የጎማ ሶል ያለው፣ ውስጡ የሚወጣ የሱፍ ወይም የፌልት ገበር ያለው የበረዶ ቡት ይሁን። ከልካችሁ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉና የምትለብሱትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት። ጣቶቻችሁ ውስጥ እንደልብ ካልተንቀሳቀሱ ሌላ አምጡ በሉ። ስኒከር፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ አይሆንም፤ የፊቱ ጨርቅ የተሠራው አየር እንዲያስገባ ነው።

ካልሲ ሁለት ብቻ። ከውስጥ ስስ፣ ላብ የሚያወጣ ሰው ሠራሽ ወይም ስስ ሱፍ፤ ከላዩ ወፍራም ሱፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛውን ሲደርብ ነው። ሦስተኛው ካልሲ ጫማውን ያጠብቃል፣ በካልሲው ውስጥ ያለውን አየር ይጨፈልቃል፣ ወደ ጣት የሚሄደውን ደም ያንቃል። እግሩ ከሁለቱ ይልቅ በሦስቱ ቶሎ ይደነዝዛል። ጥጥ ካልሲ ጨርሶ አይታሰብ።

ከመኪና እስከ መግቢያው ስትራመዱ እግር ያልባል። ደረቅ ካልሲ በዚፕ ላስቲክ ይዛችሁ ግቡና ወደ መቀመጫችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ውስጥ፣ መጸዳጃ ቤት አካባቢ ለውጡ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዋጋው አንጻር ከዚህ የሚሻል ነገር የለም።

ከዚያ የእግር ጣት ማሞቂያው ፓኬት ይመጣል። ውስጡ ያለው የብረት ዱቄት፣ ጨውና ከሰል ነው፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ይሞቃል። አየር ከሌለ ይጠፋል። ስለዚህ ከማሸጊያው አውጥታችሁ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሞቅ ያለ ቦታ አቆዩት፤ መሞቅ ሲጀምር ስሱ ካልሲ ላይ፣ ከጣቶቹ በላይ ለጥፉት። ባዶ ቆዳ ላይ አይለጠፍም፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያውቅም። ጫማው ጠባብ ከሆነ ፓኬቱ ታፍኖ ይበርዳል። እረፍት ላይ አውጥታችሁ አየር ስታስነኩት አንዳንዴ ይነሳል። የእጁን ፓኬት ጫማ ውስጥ መክተት ደግሞ ብክነት ነው፤ የእግሩ በጥቂት አየር እንዲሠራ ተደርጎ የተሰናዳ ስለሆነ ሁለቱ አይለዋወጡም።

ከሁሉም የሚበልጠው ነገር ግን በነጻ ይገኛል፦ ካርቶን። ከዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ሁለት ድርብ፣ ሁለቱን እግር የሚያስቆም 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ እግራችሁ ሥር አንጥፉ። የፒዛ ካርቶን ቀጭን ነው፤ አይረባም። በረዶና የፈሰሰ ቢራ ያርሰዋልና ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። የስፖርት ምንጣፍ ፎም ከካርቶን ይሻላል። አንዳንድ ስታዲየም ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ በር ላይ ያስጥላል፤ የዚያን ሳምንት ማስታወቂያ ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። ግሪን ቤይ የምትሄዱ ከሆነ ከመቀመጫችሁም በታች አስቡ፤ ላምቦ ፊልድ አብዛኛው መቀመጫ የአሉሚኒየም አግዳሚ ነው።

ገላ

ስስ የውስጥ ልብስ ከሱፍ ወይም ከፖሊስተር፣ በላዩ ፍሊስ (ለስላሳ የሚያሞቅ ሹራብ)፣ በላዩ ወፍራም ጃኬት፣ ከውጭ ንፋስ የማያሳልፍ። ለእግርም እንዲሁ፤ ጂንስ ብቻውን ሞኝነት ነው። ስትራመዱ ዚፑን ክፈቱ፣ ትንሽ እየበረዳችሁ ድረሱ፤ ላብ ይዞ መቀመጥ ውሃ ለብሶ እንደመቀመጥ ነው። ጋቢ ይዘው የሚመጡ አሉ። ደረቅ ከሆነ፣ ጭን ላይ ከንፋስ መከላከያ ሥር ቢደረግ ያግዛል። ከላይ ከተደረበ ግን ንፋሱ ያልፈዋል፤ ጥጥ ነውና ከረጠበ ደግሞ ሸክም ነው።

እጅና ስልክ

ጣት የሚለያይ ጓንት አትመኑ። አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሻላል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሞቃሉ። ከሥሩ ስልክ የሚነካ ስስ ጓንት አድርጉ። ትልቁን ስታወልቁ ባዶ እጅ አይቀርም፣ ገመድ ካለውም መሬት አይወድቅም።

እጅ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ምክንያት ነው። ቲኬቱ ስልክ ውስጥ ነው፤ ባርኮዱ ራሱን እየለዋወጠ ስለሚሠራ የስክሪን ፎቶ ብዙ ቦታ አያስገባም። መኪና ውስጥ ሳላችሁ ቲኬቱን ስልኩ ዋሌት (ቲኬትና ካርድ የሚያስቀምጠው መተግበሪያ) ውስጥ አስገቡ። አይፎን እንዲሠራ የተነደፈው ከዜሮ እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ በዚህ ብርድ 60 በመቶ የሚል ባትሪ ድንገት ጥፍት ይላል። ደረት ላይ፣ ከፍሊሱ ሥር ይቀመጥ። ሰልፉ ላይ ተራችሁ ሲቃረብ ብቻ አውጡት።

ፊት

አፍንጫና ጆሮ በባላክላቫ (ዓይን ብቻ የሚያስቀር የፊት መሸፈኛ)፣ ዓይን በስኪ መነጽር። የብረት ጉትቻ አውልቁ። ቫዝሊን መቀባት ድርቀት ይከላከላል እንጂ ከፍሮስትባይት አያድንም።

መብል፣ መጠጥ፣ መኪና ማቆሚያ

ከመሄዳችሁ በፊት በደንብ ብሉ፤ ገንፎ በቅቤ ለዚህ ቀን የተሠራ ነው። አልኮል የቆዳን ደም ሥር ስለሚያሰፋ የሞቃችሁ ይመስላችኋል፣ ሙቀቱ ግን ወደ ውጭ እየሄደ ነው።

ከጨዋታው በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ቡና ለማፍላት ያሰባችሁ፣ በቢውቴን ቆርቆሮ የሚሠራው ትንሿ ምድጃ አትነሳም። ቢውቴን ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ጋዝ መሆኑን ያቆማል። ፕሮፔን ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱም ይደክማል እንጂ ይሠራል። ከሰሉን ግን በምንም ምክንያት መኪና ውስጥ ወይም የተዘጋ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። የመኪናውን ሞተር አስነስታችሁ ስትሞቁም ጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን አስቀድማችሁ እዩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ውስጥ ገብታችሁ

እረፍቱ 13 ደቂቃ ነው፤ የመጸዳጃ ሰልፉ ብቻ ይጨርሰዋል። እረፍት ሊሆን የጨዋታ ሁለት ደቂቃ መቅረቱ ሲታወጅ ተነሱ። ብርድ ሽንት ያበዛል፣ ድርብርብ ልብስ ደግሞ ለመፍታት ጊዜ ይፈልጋል።

ጨዋታው ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ በተቋረጠ ቁጥር ቆማችሁ ጣቶቻችሁን ጫማው ውስጥ ቆጥራችሁ አንቀሳቅሱ። የሚያመው ጣት አያስፈራም። የሚያስፈራው ሲያም ቆይቶ ዝም ያለው ነው፤ ያኔ ጎሉ መስመር ላይ ቢሆኑም ተነስታችሁ ወደ ሞቀው ክፍል ግቡ።

«ቆዳው ሲነጣ ይታወቃል» የሚለው ምክር የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታስቦ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ አመድማ ወይም ግራጫ ሊመስል ይችላል፣ በስታዲየም መብራት ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ወታደሮች ለብርድ ጉዳት ከነጮቹ ይበልጥ እንደሚጋለጡ ስላሳዩ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ችሎ መቀመጡ ለእናንተ መለኪያ አይሆንም። ነካ አድርጉት፤ ከደነዘዘና እንደ ሰም ከጠነከረ ጉዳት ነው።

ውርጭ የመታውን ጣት አታሹ፣ በረዶ አታስነኩ፣ ማሞቂያ ላይ አትደግኑ። ወደ ብርዱ ተመልሳችሁ የምትወጡ ከሆነ አታቅልጡት፤ ቀልጦ ዳግም መቀዝቀዙ ይብሳል። የምታቀልጡት በሙቅ ውሃ ነው፤ ውሃው 37 እስከ 39 ዲግሪ፣ ያልተጎዳ እጅ የማይሸሸው መሆን አለበት። መንቀጥቀጡ ቆሞ ንግግሩ የተንተባተበ ሰው ካያችሁ ግን ጣቱን ተዉትና 911 ደውሉ።

ሆስፒታል ስትደርሱ ጣቱ የደነዘዘበትንና መሞቅ የጀመረበትን ሰዓት ተናገሩ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ጣት የሚያተርፈው ከሞቀ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ «እስከ ሰኞ ልየው» ብሎ መተኛት ያን ዕድል ይዘጋል።